ባሕሩ ታየ፤ መንገዱስ?

ፊልም ሁለት ጊዜ ይመርጣል። መጀመሪያ ታሪኩን ይመርጣል፤ ቀጥሎ ደግሞ ታሪኩን ከየት ቆሞ እንደሚያይ ይመርጣል። ስለ መጀመሪያው ምርጫ ብዙ ይጻፋል፤ ሃያስያንም ይከራከሩበታል። ሁለተኛው ግን እንደ መብራትና እንደ ሌንስ የባለሙያ ጉዳይ ተደርጎ በዝምታ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ፊልም ሠሪው የማን ወገን እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚህ በሁለተኛው ነው።

በሐምሌ ወር 2011 ዓ.ም. ኔትፍሊክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት፣ እስራኤላዊው ጊዲዮን ራፍ ጽፎ ያዘጋጀውንና ርእሱ «የቀይ ባሕር የጠላቂዎች መዝናኛ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለውን ፊልም ለዓለም አሠራጨ። የፊልሙ መነሻ እውነተኛ ነው። በ1970ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት የእስራኤሉ የስለላ ድርጅት ሞሳድ፣ በሱዳን የቀይ ባሕር ጠረፍ ኢጣሊያኖች ሠርተው የተዉትን አሩስ የተባለ የመዝናኛ መንደር በኩባንያ ስም ተከራየ። ቀን ቀን የአውሮፓ ጎብኚዎች እየዋኙና እየጠለቁ ይዝናኑበታል፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ከገዳሪፍ አካባቢ መጠለያዎች በጭነት መኪና የብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ተጉዘው የመጡ ቤተ እስራኤላውያን በጀልባ ወደ መርከብ ይሸጋገሩበታል። ለፊልም የተፈጠረ የሚመስል ታሪክ ነው። ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ አሸዋ፣ የሐሰት ሆቴል፣ በጨለማ የሚንሳፈፍ ጀልባ፤ የትኛው አዘጋጅ ይህን አይቶ ዝም ይላል?

ራፍም ዝም አላለም። ችግሩ ካሜራው ከባሕሩ ዳር መነቀል አለመቻሉ ነው። ሁለት ሰዓት በሚሆነው ፊልም ውስጥ ተመልካቹ የሚቀርበው የሰላዮቹን መሪ ሆኖ ለሚተውነው ለክሪስ ኢቫንስና ለጓዶቹ ነው፤ ቀልዳቸውን ይሰማል፣ ጭቅጭቃቸውን ያያል፣ የእያንዳንዳቸውን ጠባይ ለይቶ ያውቃል። እነዚያ በሺሕ የሚቆጠሩት መንገደኞች ግን ስም የላቸውም። በጨለማ ውስጥ ነጭ ጋቢ፣ የተፈሩ ዓይኖች፣ የታቀፉ ሕፃናት ናቸው። ጀልባው ላይ ይጫናሉ፤ ከጀልባው ላይ ይወርዳሉ። ለአንድ የባሕር ጠረፍ የሆቴል አልጋ የተሰጠውን ያህል ጊዜ እንኳ ለአንዲት ጐንደሬ እናት ፊት አልተሰጠም።

ከበደ ቢምሮ የተባለ አንድ ኢትዮጵያዊ ገጸ ባሕርይ አለ፤ አሜሪካዊው ማይክል ኬ. ዊልያምስ ተውኖታል፤ በሚገባም ተውኖታል። ይህ ገጸ ባሕርይ የተቀዳው ከፈረደ አክሉም ነው። ለመሆኑ ፈረደ አክሉም ማን ነበር? ከትግራይ የወጣ ቤተ እስራኤላዊ መምህር ነው። ከመንግሥት ክትትል ሸሽቶ ሱዳን ገባ፤ ከዚያም ሆኖ ወደ ውጭ መልእክት እየላከ «እዚህ ነኝ፤ ሕዝቤም ሊመጣ ይችላል» ሲል አስታወቀ። ሰላዮቹ ወደ ሱዳን የመጡት መልእክቱን ተከትለው ነው። እንግዲህ የነገሩ ጠንሳሽ አንድ ኢትዮጵያዊ የትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ሳለ በፊልሙ ውስጥ ረዳት ተዋናይ ሆኖ ቀረበ። ይህን ለአንባቢያን መምህራን መንገር ሳያስፈልግ አይቀርም፤ ታሪክ ከሠራ በኋላ በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ በር ከፋች የሚደረግ መምህር እርሱ የመጀመሪያው አይደለም።

በአንጻሩ የሚነሣ ክርክር አለ፤ ሊደመጥም ይገባዋል። ፊልሙ የተቀረጸው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው። በጊዜው አንድ የእስራኤል አዘጋጅ ካሜራውን ተሸክሞ ሱዳን ሊገባ አይችልም ነበርና በዚህ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። የአትላንቲክን ውሃ ቀይ ባሕር ነው ብሎ ማሳየት የሲኒማ የቆየ ልማድ ነው። ደግሞም፣ ይላሉ ደጋፊዎቹ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ስለ ቤተ እስራኤል የሰማው በዚህ ፊልም ነው። ይህም እውነት ነው። ግን ምን ሰማ? ጥቂት ደፋር የውጭ ሰዎች ምስኪኖችን ከአሸዋ ላይ አንሥተው እንዳዳኑ ሰማ። ምስኪኖቹ እዚያ አሸዋ ላይ እንዴት እንደ ደረሱ ግን በመግቢያው ጥቂት ትዕይንቶች ተነካክቶ ታለፈ።

የታሪኩ ልብ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ከጐንደር ዙሪያ መንደሮች የተነሡት ሰዎች ቤታቸውን እንዳለ ትተው፣ ለጎረቤት እንኳ ሳይሰናበቱ፣ በሌሊት ወጡ። ቀን በጫካና በገደል ሥር ተደብቀው እየዋሉ ሌሊት በአርማጭሆና በመተማ ቆላ ተጓዙ። ሽፍታ ዘረፋቸው፤ ውሃ ጥም ጣላቸው፤ የደጋ ሰው የማያውቀው ወባ አገኛቸው። ድንበሩን የተሻገሩትም ቢሆኑ በኡም ራኩባና በሌሎች መጠለያዎች በበሽታ አለቁ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» 8 ሺሕ ያህል ሰዎች በአውሮፕላን ሲወሰዱ፣ በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ደግሞ 4 ሺሕ ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ለእነርሱ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። በሲኒማው ሸራ ላይ ግን የቆመላቸው የለም። ይህንኑ የሱዳን መጠለያ እ.ኤ.አ. በ2005 «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» በሚለው ፊልሙ ያሳየው ራዱ ሚሃይሌያኑ የውጭ ሰው ሳለ ካሜራውን ልጇን ወደማታውቀው ዓለም በምትገፋ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ፊት ላይ ለማቆም ችሏል። ስለዚህ የውጭ ሰው መሆን ሰበብ አይሆንም።

የባሕር ዳር ከተማን በፊልም ማሳየት በራሱ ነውር አይደለም። ዩሱፍ ሻሂን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው «እስክንድርያ ለምን?» ውስጥ የተወለደባትን የወደብ ከተማ ሲያሳይ ባሕሩ የሰዎቹ ኑሮ አካል ነው፤ ጦርነቱም፣ ፍቅሩም፣ ወደ ውጭ የመሄድ ምኞቱም ከዚያው ውሃ ይወጣል። የሴኔጋሉ ጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ እ.ኤ.አ. በ1973 በሠራው «ቱኪ ቡኪ» ሁለት ወጣቶች ከዳካር ወደብ በመርከብ ወደ ፓሪስ ሊኮበልሉ ይነሣሉ፤ ሴቲቱ ትሳፈራለች፣ ወንዱ ግን በመጨረሻዋ ሰዓት መሰላሉ ላይ ቆሞ ይመለሳል። ያ ወደብ ጌጥ አይደለም። ሄዶ መቅረትና ቀርቶ መኖር የሚፋጠጡበት ቦታ ነው። በአሩስ የፊልም ባሕር ዳርቻ ላይ ግን የሚፋጠጥ ነገር የለም፤ ባሕሩ ለሰላዮቹ ጀርባ የተሰቀለ ሥዕል ነው።

እስከዚህ ያለው ወቀሳ ወደ ሩቅ አገር የተወረወረ በመሆኑ ብዙ ላያስደነግጥ ይችላል። እንዲያውም በአገር ቤት የኪነ ጥበብ ሰዎች ስብሰባ ላይ ቢነበብ ይጨበጨብለታል። ጭብጨባው ግን ችኩል ነው።

ምክንያቱም ራፍ በቀይ ባሕር ላይ የሠራውን ጥፋት የአገራችን ሲኒማ በጣና ላይ ደጋግሞ ሠርቶታል። «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ ከታየ ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፏል። የአማርኛ ፊልም ዛሬ በቁጥር በዝቷል። ግን ኑሮው በአዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ከሶፋው ተነሥቶ ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወርዶ ወደ ካፌው ይሄዳል። ከከተማው ሲወጣም የሚወጣው ለሽርሽር ነው። ባሕር ዳር ይወርዳል፤ ሁለት ፍቅረኞች በጣና ዳር ይሄዳሉ፣ ታንኳ ያልፋል፣ ፀሐይ ትጠልቃለች። ታንኳውን የሚቀዝፈው ሰው ማን ነው? በቀን ምን ያህል ዓሣ ያወጣል? እንቦጭ የተባለው አረም ሐይቁን ሲወርረው መረቡን የት ጣለ? ፊልሙ አይጠይቅም፤ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ጉዳዩን ጨርሷልና። ከዚህ የወጣ የለም ማለት ግን ግፍ ይሆናል። የጐንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፣ በማግሥቱም ዓመት በዋጋዱጉ የተሸለመበት «ጤዛ» ከጣና አካባቢ ያለችን መንደር ማዕከል አድርጎ ያንን ትውልድ አሳይቷል፤ ለጦር ሜዳ እንዳይታፈሱ በዋሻ የሚደበቁት ልጆች የመንደሩን መልክዓ ምድር ትርጉም ሰጥተውታል። ነገር ግን አንድ «ጤዛ» ለአንድ አገር ሲኒማ ማስተባበያ ሊሆን አይችልም።

ለምሳሌ አብደራፊን እንውሰድ። አብደራፊ በምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ፣ ለሱዳን ድንበር ቅርብ የሆነች የቆላ ከተማ ናት። ባሕር የላትም፤ ሐይቅም የላትም። ከጐንደር በሳንጃ በኩል ቁልቁል ሲወረድ ደጋው ከኋላ ይቀራል፤ በበጋው ማብቂያ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘላል። ለጎብኚ ፖስት ካርድ የምትሆን ከተማ አይደለችም። ለድራማ ጸሐፊ ግን ሀብታም ናት።

የዚያ አገር ንጉሥ ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ትዕግሥት የሌለው ሰብል ነው፤ ከደረሰ በኋላ ፍሬ ያዘለው ሽፋኑ ሲደርቅ ይከፈታል። አጨዳው ጥቂት ቀን ከዘገየ የዓመቱ ድካም መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጐንደር ደጋ፣ ቀድሞም ከትግራይ፣ የጉልበት ሠራተኛ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። በዚያች አጭር ጊዜ የጉልበት ዋጋ በሠራተኛው እጅ ናት። ሌላውን አሥራ አንድ ወር አንገቱን ደፍቶ የሚኖረው የደጋ ወጣት ለእነዚያ ቀናት ቀና ብሎ ይደራደራል፤ ባለእርሻው ሰማዩንና ሰሊጡን እያየ ያመነታል፤ ደላላው በመካከላቸው ይሮጣል። የቲያትር ትምህርት ቤቶች ስለ ግጭትና ስለ ጊዜ መጣበብ የሚያስተምሩት ሁሉ እዚህ አንድ ማሳ ላይ ተጠራቅሞ ይገኛል።

ማታ ሠራተኛው የሚተኛው ሜዳ ላይ፣ ከግራር ሥር ነው። የዋልካው መሬት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ የአሸዋ ዝንብ ይራባል። ይህ ከትንኝ ያነሰ ፍጡር ካላዛርን ያስተላልፋል፤ ትኩሳት ይመጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ሆድ ያብጣል፤ ያልታከመም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ለብዙ ዓመታት በአብደራፊ የካላዛርና የእባብ ንክሻ ሕሙማንን ሲያክም የቆየው ለዚህ ነው። ይህ በሽታ ቆላ ውስጥ ብቻ አይቀርም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሊቦ ከምከም ደጋ ካላዛር ሲቀሰቀስ በሽታው የተያያዘው ከመተማና ከሁመራ እርሻ ከሚመለሱ ሠራተኞች ጋር ነበር፤ አስቀድሞም ወባ መስሏቸው የነበሩ አሉ። አንድ ወጣት ለእኅቱ ነጠላ፣ ለአባቱ የግብር ገንዘብ ይዞ ይመለሳል፤ ሳያውቀው በደሙ ሌላ ነገር ይዟል። ከዚህ የበለጠ አሳዛኝ ታሪክ ፍለጋ የውጭ ልብ ወለድ የሚያገላብጥ ደራሲ ምን ይባላል?

መንገዱም ያው መንገድ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የወደቁት በዚሁ ድንበር፣ በመተማ ነው። በ1970ዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ወደ ምዕራብ ተሻገሩ። ኡም ራኩባ የተባለው ያ የሞት መጠለያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ኢትዮጵያውያን እንደገና ተከፈተ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የካርቱም ሰዎች ከራሳቸው ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል ወደ ምሥራቅ መጡ፤ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። ትናንት ስደተኛን ያሳደረ ዛሬ ራሱ ስደተኛ ሆኖ የሚያልፍበት አንድ ድልድይ አለ። ካሜራ አልቆመበትም።

«ጸጥታው አያስተማምንም፤ ገንዘብ የለም» ይባላል። ጸጥታን በተመለከተ ሐቅ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተካሄደውን ውጊያ ረስቶ፣ የፊልም ቡድን በአርማጭሆ ሜዳ ላይ ድንኳን ይትከል የሚል ሰው ኃላፊነት የጎደለው ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ሰላም በነበረባቸው ብዙ ዓመታትስ ማን ሄደ? ስለ ገንዘቡም ቢሆን ጎረቤት ያስተምራል። የሲኒማ ኢንዱስትሪ የሚባል ነገር ያልነበራት ሱዳን፣ አምጃድ አቡ አላላ እ.ኤ.አ. በ2019 ገዚራ ውስጥ በሠራው «በሃያ ዓመትህ ትሞታለህ» ለቬኒስ የመጀመሪያ ፊልም ሽልማት በቅታለች። የገዚራ መንደር ከአብደራፊ በምን ይበልጣል? አቧራውም ሙቀቱም ያው ነው።

ደግሞም ለመጻፍ ሰላምም ገንዘብም መጠበቅ አያሻም። ዛሬ ጐንደርና ባሕር ዳር ውስጥ የካላዛር መርፌ የተወጉ፣ ሰሊጥ ያጨዱ ሰዎች አሉ፤ በዚያ መንገድ ሌሊት የሄዱ ዘመዶቻቸውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በወለቃ አካባቢ ገና ይገኛሉ፤ እነርሱ ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ደብተር ይዞ ከፊታቸው የሚቀመጥ የቴአትር ጸሐፊ የሚያስፈልገው የአንድ ቀን የአውቶቡስ ክፍያ ነው። ካሜራው በኋላ ይደርሳል።