«አናቴ ላይ ያለው ባዶ ቦታ እየሰፋ ነው»

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። መሀል አናቴ ላይ የሳንቲም ያህል ሳስቶ የጀመረው ፀጉሬ በሁለት ዓመት ውስጥ መዳፍ የሚያህል ባዶ ቦታ ሆነ። ያሳክከኛል፣ ያቃጥለኛል። ቅቤው፣ እሬቱ፣ የሽንኩርቱ ጭማቂ፣ ምኑ ቀረኝ! ሠርጌ ስድስት ወር ስለቀረው ሂውማን ሄር ላሰፋበት ነው። እጮኛዬ አያውቅም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ ስፌቱ ይቆይ። መጀመሪያ የምታምኛት ሰው አናትሽን በደንብ ብርሃን ላይ ትይልሽ። ባዶው ቦታ ላይ የፀጉር መውጫ ቀዳዳዎቹ ይታያሉ ወይስ ቆዳው ልሙጥ ብሎ ያብረቀርቃል? ቀዳዳዎቹ ካሉ ተስፋ አለ። ልሙጥ ከሆነ ግን ብግነት የፀጉሩን ሥር አጥፍቶ ጠባሳ ተክቶበት ይሆናል። ጠባሳ ላይ ሽንኩርት ፀጉር አያበቅልም።

ከአናት ጀምሮ ዙሪያውን የሚሰፋው ዓይነት በብዛት የሚታየው በጥቁር ሴቶች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሐኪሞች ጥፋቱን በጋለ ማበጠሪያ ላይ አላክከውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ከታማሚዎቹ አንዳንዶቹ ለፀጉር አሠራር በሚያገለግል ጂን ላይ ለውጥ እንዳለባቸው ታወቀ። ስለዚህ «በፔርም ራስሽን ያበላሸሽው አንቺው ነሽ» የምትልሽን ጎረቤት አትስሚያት። (አጥብቆ መጎንጎንና መተኮስ ግን ነገር ያባብሳል።)

ያንቺ የትኛው እንደሆነ በደብዳቤ አይታወቅም። ሉፐስም ሌሎች በሽታዎችም ጠባሳ ይተዋሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ይለያያል። ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ፤ አዲስ አበባ ከሆንሽ አለርት አለልሽ። ሐኪሙ አደንዝዞ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ናሙና ሊወስድ ይችላል። የሚወሰደው ከልሙጡ መሀል ሳይሆን ገና ፀጉር ካለበትና ከሚያሳክክሽ ጠርዝ ነው። ከልሙጡ ከተወሰደ የሚገኘው ጠባሳ ብቻ ነውና «ከየት ነው የሚወስዱት?» ብለሽ ብትጠይቂ ድፍረት አይሆንም።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ የኮርቲዞን ቅባት፣ እዚያው ቆዳው ላይ በየጥቂት ሳምንቱ የሚወጋ መርፌና ለወራት የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን ነው። ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡር ስለማይመከር ከሠርጉ በኋላ ልጅ ካሰባችሁ አስቀድመሽ ንገሪው። እውነቱን እንንገርሽ፤ መድኃኒቱ ያለውን ያድናል እንጂ የሞተውን ሥር አያስነሳም። ፀጉር ማስተከልም የሚታሰበው በሽታው ቢያንስ አንድ ዓመት ያህል ጸጥ ካለ በኋላ ነው። እንግዲህ በየወሩ የምታባክኚው ፀጉር ነው።

እጮኛሽን በተመለከተ፣ ምልልሱ ወራት ስለሚወስድ ተደብቆ አይዘለቅም። አሁኑኑ ንገሪው። ለሠርጉ ቀን ሳይሰፋ የሚጠለቅ ቀላል ዊግ ይበቃሻል፤ ማታ ታወልቂዋለሽ።