ሣቅም ሚዛን ይሻል፤ ስለ ኮሜዲ መሪ ተዋንያን ሽልማት

ተመልካችን ያስለቀሰ ተዋናይ «የጥበብ ሰው»፣ ያሣቀ ደግሞ «ቀልደኛ» የሚባልበት ልማድ በኢትዮጵያ የፊልም ዓለም ሥር ሰዷል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ የተሰለፈውን ሕዝብ የሳበው በአብዛኛው የፍቅርና የኮሜዲ ፊልም ሆኖ ሳለ፣ የጥበብ ክብር በሚታደልበት ሰዓት ኮሜዲ እንደ እንጀራ ልጅ ይታያል። ይህ ልማድ የሚጎዳው ተዋናዩን ብቻ አይደለም፤ ተመልካቹንም ነው።

«የኮሜዲ ተዋናይ ሽልማቱ የሕዝብ ሣቅ ነው፤ ሌላ ምን ይሻል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ሲመረመር ግን ባዶ ነው። የትኬት ገቢ ብቻውን ዳኛ በሆነበት ሜዳ፣ አሸናፊው ወደ ሣቅ የሚያደርሰውን አቋራጭ ያገኘ ነው። በአማርኛ ኮሜዲ ውስጥ ለብዙ ዘመን የተለመደው አቋራጭ ደግሞ የባላገሩን አነጋገር ማላገጫ ማድረግ ነው። ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ የመጣ፣ በአፋን ኦሮሞ አፉን የፈታና አማርኛን በኋላ የተማረ ሰው፣ በዘበኛነት ወይም በቤት ሠራተኝነት ብቅ እያለ አንደበቱ በተደናቀፈ ቁጥር እንዲሣቅበት ስንት ጊዜ ተፈርዶበታል? ሆለታ ላይ በቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ልጅ፣ የአባቱ አነጋገር የአገር መሣቂያ መሆኑን ከዚህ «ጥበብ» ይማራል። ተዋናዩ ገጸ ባሕርይ አልፈጠረም፤ አንድ ቅላጼ አጣሞ ደገመ እንጂ። ይሁንና አዳራሹ ስለ ሣቀ ብቻ ሥራው እንደ ድል ይቆጠርለታል።

የኢትዮጵያ ኮሜዲ ግን አመጣጡ እንዲህ አልነበረም። የዘመናዊው ቴአትር በኩር የሆነው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ከላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥቶ፣ በአራዊት አንደበት የሹማምንትን ብልሹ አሠራር ነቀፈ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ታገደ። ቀልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር? መንግሥቱ ለማም በ«ያላቻ ጋብቻ» ያሣቀው በዘር ግንዱ በሚመካው ወገን ላይ እንጂ በገረዲቱ ላይ አልነበረም። እንግዲህ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ሣቅ ወደ ላይም ወደ ታችም ይወረወራል። ወደ ላይ ለመወርወር ጥበብና ድፍረት ያስፈልጋል፤ ወደ ታች ለመወርወር ግን ማንም አያንስም። ይህን ልዩነት የሚለይ ሚዛን ከሌለ፣ ሁለቱም በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ።

በ2006 ዓ.ም. በዳይሬክተር ዮናስ ብርሃነ መዋ የተጀመረው የጉማ ሽልማት ስያሜውን ያገኘው ሚሼል ፓፓታኪስ በ1966 ዓ.ም. ካቀረበው «ጉማ» ፊልም ነው። ጉማ በኦሮሞ ሥርዓት የደም ካሣና የዕርቅ ሕግ ነው። የአገሪቱ የፊልም ክብር በዚህ ስም እየተጠራ፣ የዚያው ሕዝብ አነጋገር በፊልም መቀለጃ ሆኖ ሲቀር ዝም ማለት ተገቢ ነውን? ስሙን የወሰደ ቁም ነገሩንም መውሰድ አለበት፤ ቁም ነገሩም የበደለ ይካስ የሚል ነው።

የውጭው ልምድ ጠቃሚም አስተማሪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በመጀመሪያው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ቻርሊ ቻፕሊን ስለ «ዘ ሰርከስ» ከውድድሩ ወጥቶ ልዩ የክብር ሽልማት ተሰጠው። ክብሩ ክብር ነው፤ ነገር ግን ታላቁ የኮሜዲ ሰው በተዋናይነቱ አልተወዳደረም። ጎልደን ግሎብ በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የመሪ ተዋንያንን ሽልማት ለሁለት ከፍሎ አንዱን ለድራማ፣ ሌላውን ለሙዚቃዊና ለኮሜዲ ፊልሞች ሰጠ፤ የመጀመሪያዎቹ ባለ ዕድሎችም ፍሬድ አስቴርና ጁዲ ሆሊዴይ ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ክላርክ ጌብል እ.ኤ.አ. በ1935 በኮሜዲ፣ ጄምስ ካግኒ በ1943 በሙዚቃዊ ፊልም የኦስካር መሪ ተዋናይ ሆነዋል። «ያለ ልዩ መደብ ማሸነፍ ይቻላል» የሚሉት ይህን ይጠቅሳሉ። ጥቂቶች ጅረቱን በዋና መሻገራቸው ግን ድልድይ አያስፈልግም አያሰኝም።

ድልድዩም ያለ ጠባቂ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2016 ማት ዴመን በማርስ ላይ ብቻውን ስለ ቀረ ጠፈርተኛ በሚተርከው ፊልም የኮሜዲውን የጎልደን ግሎብ ሽልማት ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ ሸላሚዎቹ ደንባቸውን ለማጥበቅ ተገደዱ። ስለዚህ የፊልሙን መደብ ዳኞች እንጂ ፕሮዲውሰሩ መወሰን የለበትም።

ከዚህ አኳያ የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለኮሜዲ መሪ ተዋናይና መሪ ተዋናይት ራሱን የቻለ ሽልማት ይቋቋም። ሁለተኛ፣ ሙዚቃዊ ፊልም ከኮሜዲ ጋር በአንድ ቀንበር አይጠመድ፤ የአንዱ መሣሪያ ድምፅና እንቅስቃሴ፣ የሌላው ጊዜን ጠብቆ መናገርና መዝመም ነውና፣ ለሙዚቃዊው ብቁ ሥራ በተገኘበት ዓመት ብቻ ይሸለም። ሦስተኛ፣ ከዳኞቹ መካከል አፋን ኦሮሞንና የባላገሩን ኑሮ የሚያውቁ ይኑሩ፤ ፍርዳቸውንም ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያውጡ። የፈጠራ ገጸ ባሕርይ ከተውሶ ቅላጼ የሚለየው በዚህ ጽሑፍ ነው።

የባህል ኃላፊው፣ የድራማ ክበብ የሚመራው መምህርና ተዋናዩ ይህን ጉዳይ የአዲስ አበባ ሰዎች የግብዣ ወሬ አድርገው ሊያልፉት አይገባም። ነገ በሆለታ ትምህርት ቤት መድረክ ላይ የሚወጣው ወጣት ዛሬ የተሸለመውን ይኮርጃል። የአባቱን አንደበት አጣሞ ያሣቀ ሲከበር ካየ አባቱን ያላግጣል፤ በግፈኛው ላይ ያሣቀ ሲከበር ካየ ደግሞ ግፈኛውን ይፈትሻል።