ቀለሙ አዲስ፣ ታምቡሩ የሳሳ

ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ከመሸጥ ይልቅ ማደስን ይመርጣል። ቮልስዋገን የመጨረሻዋን ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ቮልስ ዛሬም ቀለም ተቀብታ፣ ወንበሯ ቆዳ ለብሶ ከጋራዥ ትወጣለች። ደስ ይላል። ችግሩ ገንዘቡ ቀለሙ ላይ ማለቁ ነው። ተራው ፍሬን ላይ ሲደርስ «ቶርኖ ቤት ውሰደውና ያስተካክሉልህ» ተብሎ ይታለፋል።

የተላጨ ብረት ግን እንደ ጸጉር መልሶ አይበቅልም። ታምቡር ቶርኖ በገባ ቁጥር ይሳሳል። የሳሳ ታምቡር ቶሎ ይግላል፣ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው ስለሚርቀውም ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል። ሜዳ ላይ ይህ አይታወቅም፤ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወረድ ይታወቃል። ለዚህም ነው ለታምቡር ሊያልፈው የማይገባ ስፋት የተወሰነለት፤ በብዙዎቹ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። «ልኩን አልፏል፣ አልነካውም» የሚል የቶርኖ ባለሙያ ደንበኛ ሊያጣ ይችላል። ሆኖም ክፍያ የሚገባው ከሁሉ በፊት ለእሱ ነው።

በቮልስ ታምቡሩና ጎማው የሚታሰርበት እምብርት አንድ ወጥ ብረት ናቸው። የኋላው በጥርሶች አክስሉ ላይ ገብቶ በ36 ቁጥር ዳዶ፣ በ300 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል፤ አንድ ሜትር ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰክቶ ጫፉን በ30 ኪሎ ክብደት እንደ መጫን ማለት ነው። ብዙ ቦታ ዳዶው በመዶሻና በመሮ ይመታና «ጠብቋል» ይባላል። ከላላ ጥርሶቹ ይበላሉ፤ የተበላ ጥርስ ደግሞ በቶርኖ አይመለስም። ከሶማሌ ተራ ታምቡር የሚገዛ ሰውም ከዝገቱ በፊት ጥርሱን ቢያይ ይሻለዋል።

ቦሎ ለማደስ የሚደረገው የፍሬን ፍተሻ ይህን ሁሉ አያሳይም። ማሽኑ የሚለካው ጎማው ዛሬ መያዙን ነው። ከ30 ዓመት በላይ ላገለገለች መኪና ታምቡሯ ተፈትቶ ስፋቱ በወረቀት ተጽፎ እንዲቀርብ ቢጠየቅ ማንንም አያከስርም። ለቀለም የተገኘ ገንዘብ ለመለኪያ አይታጣም።

ሲፈታም አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ብናኙ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። በኮምፕረሰር ሲነፋ የሚተነፍሰው ባለመኪናው ሳይሆን ጎማ ሥር የተቀመጠው ረዳት ልጅ ነው።