አዳራሹ የማን ነው?

ኮሌጃችን የግጥም፥ የቴያትር፥ የሥዕልና የንግግር ዝግጅቶቹን ለሕዝብ ክፍት ማድረጉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን «ለሕዝብ» የተባለውን ቃል መመርመር ይገባናል። የፊተኞቹ ወንበሮች ለክቡራን እንግዶች ተይዘው ግማሾቹ ባዶ ሲቀሩ፥ ተማሪው በር ላይ ቆሞ ይሰማል። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ የጥያቄው ተራ ሲደርስ ደግሞ «ሰዓት አልቋል» ይባላል።

በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ «ደኻው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በዓል ላይ በአማርኛ አነበበ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ። አንዱ ሌላውን ወለደ አልልም። ሆኖም ስለ ድኻው በሰው ፊት መናገር እንደሚቻል አስቀድሞ የታየው በመድረክ ላይ ነበር።

«እንግዳን ማክበር ባህላችን ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን እንግዳ የሚከበረው ባለቤቱ በቤቱ ሲገኝ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ከሚመጣው ዝግጅት በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ። ዝግጅቱ ሲጀመር ባዶ የሆነው ወንበር ሁሉ ለቆመው ይለቀቅ። በእንግሊዝኛ የተነገረው ፍሬ ነገር ባጭሩ በአማርኛ ይገለጽ። ከአንድ ሰዓት ንግግር ውስጥ 20 ደቂቃው ለጥያቄ ይጠበቅ።

ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ ፈቃድ ብቻ ይበቃዋል። እኛም ጓደኞቼ፥ ሰዓቱ ሲሰጠን የምንጠይቀውን አዘጋጅተን እንምጣ። አለዚያ ሥራችን ማጨብጨብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።