የኮምፒዩተር ጨዋታ መሥራት ለሚጀምር ልጅ የሚሆን ትምህርት



አንድ ወዳጄ ልጁ የኮምፒዩተር ጨዋታ ለመሥራት ሁለት ወር ደክሞ እንደ ተወው በኀዘን ነገረኝ። «ለዚህ ሥራ አልተፈጠርሁም ይላል» አለኝ። ልጁን አስቀርቤ ነገሩን ብመረምር ጥፋቱ የርሱ ሳይሆን የተከተለው ትምህርት ሆኖ አገኘሁት። ልጆቻቸው ይህን ሥራ የሚሹ ወላጆች ያውቁት ዘንድ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

ጨዋታ የሚሠራ ሰው ሥዕሉን የሚያንቀሳቅሰውን፥ ድምፁን የሚያሰማውን መሣሪያ ሁሉ ከመሠረቱ አያበጅም፤ ይህ ተዘጋጅቶ የሚገኝበት ኤንጂን የሚባል ፕሮግራም አለ። ልጁ የያዘው ጎዶ የተባለውን ነው። ጎዶን ሁዋን ሊኒየትስኪና አሪየል ማንዙር የሚባሉ የአርጀንቲና ሰዎች ጀምረውት፥ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. ማንም ውስጡን እንዲያይና እንዲያሻሽል በነጻ ለቀቁት። ከተሠራው ጨዋታም ድርሻ አይጠየቅበትም። በ2023 ዓ.ም. ዩኒቲ የተባለው ሌላው ኤንጂን፥ ከተወሰነ ልክ በላይ ጨዋታው በተጫነ ቍጥር ክፍያ እንዲከፈለው ባስታወቀ ጊዜ (በ2024 ቢተወውም) ብዙ ሠሪዎች ፊታቸውን ወደ ጎዶ መለሱ።

በዚያው በ2023 ዓ.ም. አራተኛው የጎዶ እትም ሲወጣ የብዙ ትእዛዞች ስም ተለወጠ። ቀድሞ «ኪኔማቲክ ቦዲ» የተባለው «ካራክተር ቦዲ» ሆነ፤ «ዪልድ» የሚለውም ቃል ቀርቶ «አዌይት» ተተካ። ልጁ የጫነው አራተኛውን ነው፤ ከዩቲዩብ የሚከተለው ትምህርት ግን ለሦስተኛው የተዘጋጀ ነበር። እንደ ታዘዘው አንድ ፊደል ሳያጐድል ቢጽፍም ኮምፒዩተሩ «ስሕተት ነው» ይለዋል፤ አስተማሪው ግን ያለ እንከን ያሠራዋል። ይህን ያየ ልጅ ራሱን ቢጠረጥር ምን ይደንቃል!

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የትምህርቱን እትም ከፕሮግራሙ እትም ጋር ማስተያየት ነው። ከሁሉ የታመነው ግን የጎዶ ሠሪዎች ራሳቸው ለየእትሙ ያዘጋጁት መጽሐፍ ነው፤ በነጻ ይነበባል፥ ወደ ኮምፒዩተር ከወረደም በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በርሱ ውስጥ ስለ መጀመሪያ ጨዋታ በሚናገረው ምዕራፍ ተማሪው ከጠላቶች የሚሸሽ አንድ ተጫዋች ይሠራል። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም መንቀሳቀስን፥ መጋጨትን፥ ነጥብ መቍጠርን ሁሉ ስለሚያስተምር ተማሪው አንድ የተፈጸመ ሥራ በእጁ ይዞ ይነሣል። ፕሮግራም ጽፎ ለማያውቅ ደግሞ ጂዲክዌስት የተባሉት የጎዶን ቋንቋ ከሀ ጀምሮ የሚያስተምር ነጻ ልምምድ አዘጋጅተዋል። መጽሐፉም ልምምዱም በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፉ፥ ቋንቋውን የሚያውቅ አባት ወይም ታላቅ እኅት በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጠገቡ ቢቀመጡ መልካም ነው። ምዕራፉም ሲያልቅ ሌላ ትምህርት ከመክፈቱ በፊት ያንኑ ጨዋታ በገዛ ዐሳቡ ይለውጠው።

የወዳጄ ልጅ ይህንኑ አደረገ። ጠላቶቹን ጅብ አድርጎ ሥሎ እሑድ ዕለት አሳየኝ፤ እኔም ሦስት ጊዜ ተጫውቼ ሦስቱንም ጊዜ ተበላሁ።