ኳሱ አጥቂው ዘንድ አይደርስም

ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ እ.ኤ.አ. ለ2025ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የመጀመሪያዎቹን 5 ጨዋታዎች ሲጨርሱ ያገቡት 1 ጎል ነበር፤ የገባባቸው 11። ከታንዛኒያ ጋር 0 ለ 0 ተለያዩ፣ በዲሞክራቲክ ኮንጎ 2 ለ 0 ተሸነፉ፣ በጊኒ 4 ለ 1 እና 3 ለ 0 ተቀጡ፣ እንደገና በታንዛኒያ 2 ለ 0 ተረቱ። ከዚያ ቀደም ብሎ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ባደረጓቸው 4 ጨዋታዎችም ያገቡት 1 ብቻ ነበር፤ እሱም ከጅቡቲ ጋር 1 ለ 1 በወጡበት ቀን። በሁለቱ ማጣሪያዎች 9 ጨዋታ ተጫውተን 2 ጎል ማለት ነው። ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ኪንሻሳ ላይ ኮንጎን 2 ለ 1 ስናሸንፍ እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ጮቤ ረግጫለሁ፤ ይሁንና ያን ዕለት ኮንጎ ማለፏን፣ እኛም መውደቃችንን አረጋግጠን ነበር የገባነው። በመጋቢት 2017 ጅቡቲን 6 ለ 1 ያሸነፍንበትም ጨዋታ ቢሆን በዚያው ሳምንት በግብፅ 2 ለ 0 ከተሸነፍን በኋላ የመጣ ነው። ጎል ሲጠፋ እንዲህ ዓይነት ቀን ዓይንን ይጋርዳል።

እዚህ ባሌ፣ ጊኒር ከተማ፣ ጨዋታው ባለቀ ቁጥር ፍርዱ አንድ ነው፤ «አጥቂ የለንም!» ኳስ የሚታይበት ቤት ውስጥም፣ ሻይ ቤትም፣ ባጃጅ ተራም ይኸው ነው የሚባለው። ሳላዲን ሰዒድ ቢኖር፣ ጌታነህ ከበደ ወጣት ቢሆን እያሉ የሚቆጩ ጎልማሶች ብዙ ናቸው። ቁጭታቸው ይገባኛል፤ በፍርዳቸው ግን አልስማማም። ጎሉ የሚጠፋው ኳሱ አጥቂው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው። አጥቂውን ብቻ እየወቀስን በቆየን ቁጥር ችግሩ ሳይነካ ይከርማል፤ ለዚህም ነው የማጥቃት ጨዋታችን ከዓመት ዓመት እየባሰበት የሄደው።

በሚቀጥለው ጨዋታ ዓይናችሁን ከ9 ቁጥሩ አንሡና ኳሱን ተከተሉ። ከመሐል ተከላካይ ወደ አማካይ ይሄዳል፤ አማካዩ ፊቱን ሳያዞር ለተከላካዩ ይመልሰዋል። ወደ ቀኝ ይወጣል፤ የመስመር ተከላካዩ መሐል ሜዳው ላይ ሲደርስ ቆም ይልና እሱም ይመልሰዋል። ይህ ቅብብል ለዓይን ያምራል፤ የኳስ ቁጥጥሩም ከፍ ብሎ ይመዘገባል። ነገር ግን አንድም የተጋጣሚ ተጫዋች አልታለፈም። መጨረሻ ላይ ትዕግሥት ሲያልቅ ረጅም ኳስ ይለጋል። አጥቂያችን ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ፣ በቁመት ከሚበልጡት 2 ተከላካዮች መካከል ብቻውን ይዘላል። ኳሱን ቢያወርደው እንኳ የሚቀበለው የለም። አማካዮቹ «ኳሱ ቢነጠቅስ?» ብለው ከኋላ ቀርተዋል። ያን ጊዜ ቤቱ በጩኸት ይሞላል፤ ስድቡ ግን ለአጥቂው ነው።

አጥቂዎቻችን ኳስ ሲደርሳቸው ምን እንደሚያደርጉ ደግሞ አይተናል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፈናል፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ናቸው ያገቡት። ሞሐመድ ሳላህ አልነበረም፤ ቢሆንም ግብፅ ግብፅ ናት። ያን ቀን አማካዮቻችን ኳስ ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚያዩት ወደ ፊት ነበር። ከአጥቂው ጎን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይሮጥ ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ካሜሩን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫም ዳዋ በአስተናጋጇ አገር ላይ ገና በ4ኛው ደቂቃ ጎል አግብቶ ነበር፤ በኋላ 4 ለ 1 ብንሸነፍም።

በአፍሪካ ዋንጫ ታሪካችን ጎል ብርቅ እየሆነ መምጣቱን አልክድም። በጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን ስናነሣ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ነበር ያሸነፍነው፤ በ2 ጨዋታ 8 ጎል። በፍጻሜው ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አግብተዋል። 4 ጎል፣ 4 አግቢ፤ ይህ ነገር ዛሬ ያስቀናኛል። በ1974 ሊቢያ ላይ ግን ምንም ሳናገባ ተመለስን። በ2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ 1 ጎል፣ አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ ያገባት። በ2014 ካሜሩን ላይ 2፣ አንዷ የጌታነህ ፍጹም ቅጣት ምት። ሆኖም የ2005ቱ ቡድን ጎሉ ቢያንስም የጎል ዕድል አያንሰውም ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 2006 አዲስ አበባ ስታዲየም ናይጄሪያ 2 ለ 1 ስታሸንፈን፣ በኃይሉ አሰፋ ያገባበትን ያን ጨዋታ ያየ ሰው ናይጄሪያዎች በራሳቸው ሜዳ ክፍል ታፍነው የዋሉበትን ረጅም ጊዜ አይረሳም። የዛሬው ቡድን ያጣው ያንን ነው። አሁን የሚያስቆጭ የሳትነው ኳስ እንኳ ብዙ የለንም።

ምን ሆነ? ከዚያ ቡድን አሠልጣኝ ከሰውነት ቢሻው በኋላ ማሪያኖ ባሬቶ መጡ። ቀጥሎ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ እንደገና ገብረመድኅን፣ ከዚያም መሳይ ተፈሪ። ይህ ሁሉ ከ2006 እስከ 2017 ባለው ጊዜ ነው። መከላከል በአንድ ሳምንት ልምምድ ሊደራጅ ይችላል፤ አራት ሰው መስመር ይዞ እንዲቆም፣ አማካዮቹ ከፊቱ እንዲዘጉ ማድረግ ነው። ማጥቃት ግን ትውውቅ ይጠይቃል። አማካዩ ቀና ሳይል አጥቂው የት እንደሚሮጥ ማወቅ አለበት፤ አጥቂውም ኳሱ ከመለቀቁ በፊት መነሣት አለበት። ይህ በወራት አይመጣም። አንዱ አሠልጣኝ ኳስ መሥርቶ መጫወት ሲያስለምድ፣ ተከታዩ መልሶ ማጥቃት ሲያዝ፣ ሌላው ደግሞ ሁሉንም ከዜሮ ሲጀምር፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚፈርሰው ይህ ትውውቅ ነው። ውበቱ አባተ በቆዩባቸው ዓመታት ቡድኑ መልክ መያዝ ጀምሮ ነበር፤ የሊሎንግዌው ድል የዚያ ፍሬ ነው ብዬ አምናለሁ። ውጤት ሲጠፋ እሳቸውም ሄዱ፤ ትውውቁም አብሮ ሄደ።

የአገር ውስጥ ሊጋችንም ደፋር አማካይ እንዲያፈራ ተደርጎ አልተሠራም። አብዛኞቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋም በጀት የሚኖሩ ናቸው፤ 2 ጨዋታ የተሸነፈ አሠልጣኝ ወንበሩ ይነቃነቃል። በ0 ለ 0 የሚወቀስ ግን የለም። ስለዚህ አሠልጣኙ ነጥቧን ይጠብቃል። ተጫዋቹም ኳስ ወደ ፊት ሞክሮ ከሚነጠቅ ወደ ኋላ መልሶ ቦታውን ማስከበሩን ይመርጣል። ጎል የሚያስፈልጋቸው ክለቦች ደግሞ ጨራሽ አጥቂ ከውጭ ያመጣሉ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ሻምፒዮን ሲሆን ኮከብ ግብ አግቢው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2015 ዋንጫውን ሲያነሣ ቶጓዊው እስማኤል ኦሮ-አጎሮ። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፤ ይውጡ የሚል ነገር ከእኔ አይጠበቅም። ነገር ግን ኢትዮጵያዊው ልጅ በዚያ ቦታ ላይ ስንት ደቂቃ እንደሚሰለፍ ሊያስጨንቀን ይገባል።

አቡበከር ናስር በ2013ቱ የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲይዝ ብዙዎች የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አድርገው ያዩት ነበር። ስጦታው አለ። ነገር ግን በካሣዬ አራጌ የሚሠለጥነው ያ ቡና ኳሱን ከግብ ጠባቂው ጀምሮ እየመሠረተ እስከ አቡበከር እግር ድረስ የሚያደርስ ቡድን ነበር። ልጁ በየጨዋታው ደጋግሞ ከጎሉ ፊት ኳስ ያገኝ ነበር፤ ሲስትም ሌላ ይመጣለታል። ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የሄደው በዚህ መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጉዳት ያዘው እንጂ። በብሔራዊ ቡድን ደግሞ ሌላ ዓይነት ኳስ ነበር የሚጠብቀው።

የሜዳውንም ነገር ዘለን ማለፍ አንችልም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሞቻችንን ካገደ ጀምሮ፣ ጋናን በኅዳር 2014 ጆሃንስበርግ ላይ «በሜዳችን» ከገጠምንበት ቀን አንሥቶ፣ ዋልያዎቹ ለዓመታት ማላዊ፣ ሞሮኮ፣ ታንዛኒያ፣ ኮትዲቯር እየዞሩ «አስተናግደዋል»። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንግዳ ቡድን ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ትንፋሽ ሲያጥረው አጥቂዎቻችን ያን ክፍተት ይጠቀሙበት ነበር። ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍነው በአዲስ አበባ ስታዲየም፣ በዚያው አየር ነው። ሁለቱም ጎሎች የመጡት ከእረፍት በኋላ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከካፍም ከፌዴሬሽኑም ርቆ እዚሁ ሰፈራችን ያለው ጉዳይ ነው። በጊኒር ልጆች ኳስ የሚጫወቱት ድንጋይ ለድንጋይ አስቀምጠው ነው። በሮቤም በጎባም ሰፈሮች ያው ነው። ጎሉ አግዳሚ የለውም፤ ስለዚህ ከጉልበት በላይ የሄደ ኳስ ሁሉ «ከላይ ነው!» ተብሎ ይሻራል፤ ጭቅጭቅ ይነሣል። ልጁ ከዚህ ምን ይማራል? ኳስን መሬት ለመሬት መግፋት፣ በጠባብ ቦታ ሰው ማለፍ፣ ከጎሉ 2 እርምጃ ላይ ቀስ ብሎ ማስገባት ይማራል። በዚህ ጎበዞች ነን። ከመስመር የተሻገረ ኳስን በግንባር መግጨት፣ ከሳጥኑ ጫፍ ሳያቆሙ መምታት፣ ከማዕዘን ምት ቀድሞ መነሣት ግን የት ይማራል? ሜዳው ጎርበጥባጣ ስለሆነ ኳስ ለማብረድ 2 ወይም 3 ንክኪ ያስፈልገዋል። በአህጉር ደረጃ ያለ ተከላካይ ደግሞ ሁለተኛውን ንክኪ አይፈቅድም። 18 ዓመት ሲሞላው ክለብ ቢያገኝ እንኳ ይህ ልማድ አይለቀውም። በባሌ ደጋ ስንዴ ሳይዘራ ኮምባይነር ወደ ማሳው አስገብቶ ምርት አልወጣም ብሎ ማሽኑን የሚወቅስ ገበሬ የለም፤ እኛ ግን በየጨዋታው 9 ቁጥሩ ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ሰፈራችን አጥቂ የነበረ፣ ፈጣን፣ አሁን ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አለ። አንድ ቀን ስለ ብሔራዊ ቡድኑ እያወራን ለምን ኳስ እንደተወ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እኔን ማን አየኝ? ከቀበሌ ውድድር በኋላ የት ልሂድ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ውድድሩ በዓመት አንዴ ይመጣል፤ ዋንጫ ይሰጣል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ልጆቹ ይበተናሉ። ጎበዙን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት የሚጠራው፣ ግራ እግርህን አሠራው የሚለው፣ ሲስት አጠገቡ የሚቆም ሰው የለም። ወላጅም ቢሆን ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ሐዋሳ ወይም አዳማ ለሙከራ አይልከውም፤ አልፈርድበትም።

ሩጫ ላይ ግን ጎረቤታችን አርሲ ሌላ ታሪክ ሠርታለች። በቆጂ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከጊኒር ብዙም የምትለይ አይደለችም። አሠልጣኝ ሥንታየሁ እሸቱ እዚያው ከተማ ተቀምጠው ልጆችን በማለዳ እያስነሡ ለዓመታት አሠለጠኑ፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው አለፉ። ከሩጫው በላይ የሚገርመኝ መቆየታቸው ነው። ልጆቹን ያውቋቸዋል፤ ልጆቹም ነገ እዚያው እንደሚያገኟቸው ያውቃሉ። እግር ኳስ በባሌ እንዲህ ዓይነት ሰው፣ ሥራው ይኸው የሆነ፣ ደመወዝ የሚያገኝበት፣ በየ2 ዓመቱ የማይቀየር ሰው ያስፈልገዋል። የቀድሞ ተጫዋቾች በየከተማችን አሉ። ቅዳሜና እሑድ በጤና ቡድን ሲጫወቱ ሳያቸው አሁንም ኳስ ወደ ፊት የሚያዩ አማካዮች አሉባቸው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽና ግልጽ ነው። ጊኒር፣ ጎሮ፣ ጋሰራ፣ ሮቤ፣ ጎባና አጋርፋ ከ15 ዓመት በታች ቡድን ይኑራቸው፤ በበጋው ወራት በየሳምንቱ እርስ በርሳቸው ይጫወቱ። አግዳሚና መረብ ያለው ጎል ይተከል፤ ብረቱን ከተማችን ውስጥ ያሉ በያጆች ይሠሩታል። መጫወቻው እንደ ልጆቹ ዕድሜ ይጥበብ፤ አሠልጣኞቹም ኳስ ወደ ፊት ሞክሮ የተነጠቀበትን ልጅ ከሜዳ አያስወጡት። ነጋዴዎቻችን የዋንጫና የማልያ ወጪ ሲሸፍኑ ኖረዋል፤ ያንኑ ገንዘብ ለአንድ አሠልጣኝ የዓመት ደመወዝ ቢያውሉት እመርጣለሁ። ፌዴሬሽኑም ቢያንስ አንድ ሙሉ ማጣሪያ፣ ከመጀመሪያው ጨዋታ እስከ መጨረሻው፣ ውጤት ቢከፋም አሠልጣኙን ሳይነካ ይቆይ። የጎሉን ብረት በተመለከተ በሚመጣው ሳምንት ከሁለት በያጆች ጋር ቀጠሮ ይዤአለሁ፤ ማገዝ የሚፈልግ የጊኒር ሰው ይምጣ።