ሰፈሩ አልተነሣም

የሙሴ እኅት ማርያም ወንድሟ ባገባት ኢትዮጵያዊት ሴት ሰበብ በሙሴ ላይ ክፉ ተናገረች፤ ለምጽም ወጣባት፤ ገላዋ እንደ በረዶ ነጣ። ሙሴ ወዲያው ስለ እኅቱ ጮኾ ጸለየ። የመጣለት መልስ ግን ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተዘግታ ትቆይ የሚል ነበር። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ላይ ያለው ይህ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሐሜት እንዲህ ያስቀጣል ተብሎ። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ተዘሎ ይቀራል። ማርያም እስክትመለስ ድረስ ሕዝቡ አልተጓዘም።

ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። በዚያው መጽሐፍ መጀመሪያ በተደረገው ቆጠራ ለጦርነት የደረሱት ወንዶች ብቻ 603,550 ነበሩ። ያ ሁሉ ሕዝብ ከነሴቱ፣ ከነልጁ፣ ከነከብቱ ሐጼሮት ላይ ድንኳኑን ሳይነቅል፣ አንዲት ሴት ሰባት ቀኗን እስክትጨርስ በረሃ ውስጥ ጠበቀ።

እኔ የምለው ይህን ነው። የታመመን መሸሽና ማራቅ ማንም የሚያስተምረው ነገር አይደለም፤ ፍርሃት ብቻውን ይበቃዋል። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ላይ የጨመረው ልጓም ነው። መለየትን በምርመራ፣ በቀን ገደብና በመመለሻ መንገድ አሰረው። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ የተሠራው ጥፋት ከሕጉ ግማሹን ይዞ ግማሹን ከመጣል የመጣ ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13ን ቀስ ብሎ ላነበበው፣ አሠራሩ የሚያስገርም ጥንቃቄ አለበት። በቆዳው ላይ እብጠት ወይም ቋቁቻ የታየበት ሰው ወደ ካህኑ ይመጣል። ካህኑ በዓይኑ የሚያያቸው ምልክቶች ተዘርዝረዋል፦ በቦታው ላይ ያለው ጠጕር ነጥቷል ወይ? ደዌው ከቆዳው ጠልቋል ወይ? ምልክቶቹ ካልተሟሉ አይፈርድም፤ ሰውየውን ሰባት ቀን ዘግቶ ያቆየዋል። በሰባተኛው ቀን ዳግመኛ ያየዋል። ካልሰፋ ሌላ ሰባት ቀን ይጨምርለታል። ከከሰመ ንጹሕ ነህ ይለዋል፤ ሰውየውም ልብሱን አጥቦ ወደ ኑሮው ይመለሳል።

እዚህ ውስጥ ጎረቤት ስለ ጠረጠረ ከሰፈር የሚወጣ ሰው የለም። ወሬ ማስረጃ አይሆንም። ካህኑም ቢሆን ያልለየለትን ነገር ለየ ብሎ እንዲናገር አልተፈቀደለትም። ጥርጣሬ የራሱ ቀን ተሰጠው፤ ቀኑም ሲሞላ መልስ የመስጠት ግዴታው የመርማሪው ነው። ዛሬ ለይቶ ማቆያ የምንለው ነገር ዋናው ነፍሱ ይኸው ነው።

ሰባትና ሰባት ዐሥራ አራት ነው፤ በኮሮና ጊዜም ከውጭ የገባ ሰው ተለይቶ የሚቆየው ዐሥራ አራት ቀን ነበር። ይህ መግጠም የሚያስደንቃቸው ብዙ ናቸው። እኔ ግን በዚያ መንገድ መሄድ አልፈልግም፤ ለመጽሐፉም ክብር አይጨምርለትም። ዘሌዋውያን የሕክምና መማሪያ አይደለም። ለምጽ የተባለው ነገር በልብስና በቤት ግድግዳ ላይም ይወጣል፤ ዛሬ ሥጋ ደዌ የምንለው በሽታ ደግሞ ግድግዳ አይዝም። እንዲያውም ለምጹ ከራሱ እስከ እግሩ ሸፍኖት ሁለመናው የነጣ ሰው ንጹሕ ነው ይላል ሕጉ። ስለ ተሕዋስያን የሚናገር መጽሐፍ እንዲህ አይልም። ሕጉ የቆመው ስለ ቅድስናና ስለ ንጽሕና ነው። ለእኛ የተረፈው ትልቅ ሀብትም የሕክምና ዕውቀቱ ሳይሆን ፍትሑ ነው፤ አንድ ማኅበረሰብ ስጋት ሲገባው የሚሰጋውን ሰው እንዴት ይያዘው የሚለው።

ምዕራፍ 14 ውስጥ ያለችውን አንዲት ትንሽ ትእዛዝ ልጥቀስ። ባለቤቱ በቤቱ ግድግዳ ላይ ደዌ የሚመስል ነገር ሲያይ ራሱ ሄዶ ለካህኑ ይናገራል። ካህኑም ለመመርመር ከመግባቱ በፊት ቤቱን ባዶ እንዲያደርጉት ያዝዛል፤ በቤቱ ያለው ዕቃ ሁሉ ርኩስ እንዳይባል። ምንጣፉ፣ ገንቦው፣ የእህል ዕቃው አስቀድሞ ይወጣል ማለት ነው። ብያኔው ከወጣ በኋላ ዕቃው ከቤቱ ጋር ይቆጠር ነበር፤ ከብያኔው በፊት ግን ይድናል። ሕጉ በሽታ እየፈለገ እንኳ የድሃውን ገንቦ አልረሳም።

ይህ ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ጥበብም ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። ሰው ግን በሽታውን ለምን ይደብቃል? መናገሩ ቤቱን፣ እንጀራውንና ስሙን የሚያሳጣው ከሆነ ነው። ራሱን ለሚያጋልጥ ሰው ኪሳራውን ያልቀነሰ ሕግ፣ ወረርሽኙን በገዛ እጁ ወደ ጓዳ ይነዳዋል።

የመመለሻው መንገድ ደግሞ ከመውጫው ይልቅ የከበረ ነው። ከደዌው የዳነ ሰው ሰፈሩ ዳር ቆሞ አስገቡኝ ብሎ አይለምንም። ካህኑ ወደ ሰፈሩ ውጭ ይወጣል፤ እዚያው ያየዋል። ሰውየው ይታጠባል፣ ይላጫል፣ ወደ ሰፈር ገብቶ ከድንኳኑ ውጭ ሰባት ቀን ይቆያል። በስምንተኛው ቀን ካህኑ ከመሥዋዕቱ ደም ወስዶ በቀኝ ጆሮው ጫፍ፣ በቀኝ እጁና በቀኝ እግሩ አውራ ጣቶች ላይ ይቀባዋል። ይህን ቅብዓት በዚሁ መጽሐፍ ሌላ ቦታ የምናገኘው ምዕራፍ 8 ላይ ነው፤ አሮንና ልጆቹ ለክህነት ሲሾሙ። ትናንት ርኩስ ነኝ እያለ ሲጮኽ የነበረ ሰው ዛሬ ሊቀ ካህናቱ በተቀባበት ቦታ ተቀብቶ ይገባል። ድሃ ከሆነም ሦስት በግ ይቅርና አንድ በግና ሁለት ርግብ ይበቃዋል ተብሏል። ገንዘብ በማጣት ከበር የሚቀር እንዳይኖር።

ከእነዚህ ሁለት ምዕራፎች ታሪክ የወሰደው በአብዛኛው የመጀመሪያውን ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሥጋ ደዌ ያለበትን ሰው ከሕዝብ መለየት የዕድሜ ልክ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1179 የተደረገው ሦስተኛው የላተራን ጉባኤ ለእነርሱ የተለየ ቤተ ክርስቲያንና መቃብር እንዲኖራቸው ፈቀደ። ለተገለሉት ማሰቡ መልካም ነበር፤ ግን ካህኑ ወጥቶ የሚያይበት ስምንተኛው ቀን የት ደረሰ? የቀን ገደቡን ያስታወሱት የወደብ ከተሞች ናቸው። ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው ራጉሳ እ.ኤ.አ. በ1377 ከወረርሽኝ አገር የሚመጣ ሰው 30 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ደነገገች። በኋላ ቀኑ 40 ሆነ፤ ኳራንቲን የሚለው ቃልም ከጣሊያንኛው አርባ የመጣ ነው። ቬኒስም እ.ኤ.አ. በ1423 በደሴት ላይ ለወረርሽኝ ሕሙማን ሆስፒታል አቆመች።

ወደ እኛም ቤት እንምጣ። ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሀንሰን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተጠራው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970፣ ጎረቤቱ አለርት ሆስፒታል ደግሞ በ1965 ተመሠረቱ። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒቶች ቅንጅት እንዲሰጥ መከረ፤ ዛሬ ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት የሚወሰድ፣ በሽታውን የሚያድን፣ ሕክምናው እንደ ተጀመረም መተላለፉን የሚያቆም መድኃኒት። ምርመራው አለ፤ ቀኑም ተቆርጧል። ሆኖም ጣቱ የጎበጠን ሰው ሲያይ አሁንም የሚሸሽ አለ፤ ከዳኑ በኋላ ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስ ያልቻሉና ሆስፒታሉ ዙሪያ ኑሮ የመሠረቱ ቤተሰቦችም ጥቂት አይደሉም። ሕመሙ አልቆ መለየቱ ሲቀጥል፣ ያ የኦሪት ሕግ አይደለም፤ ሕጉን መሻር ነው። ሕጉ ሰውየው ብቻውን ይቀመጥ ያለው ደዌው ባለበት ዘመን ነዋ።

በኮሮና ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ይህንኑ እንደገና አየሁት። ከዓረብ አገር የተመለሱ እኅቶቻችን ለይቶ ማቆያ በሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ቀናቸውን ቆጠሩ። በሰፈራችን አንዷ ቀኗን ጨርሳ፣ ነጻ መሆኗን የሚያስረዳ ወረቀት ይዛ መጣች። ወረቀቱን ማንም አላነበበላትም። ቡና ሲፈላ በሯ አይንኳኳም፤ ባለሱቁ ገንዘቧን በፌስታል ይቀበላት ነበር። እኔም በአጥር በኩል ሰላም ብለው ካለፉት አንዱ ነኝ። ያኔ በየሬዲዮው የምንሰማው ቃል ራስን ማግለል የሚል ነበር፤ ማግለሉን ተምረን መመለሱን ሳንማር ቀረን።

ጌታችን ለምጻሙን ባገኘው ጊዜ ያደረገውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። ከፈወሰው በኋላ ግን ሕጉን አላለፈም፤ ሂድና ራስህን ለካህን አሳይ አለው። የመመለሻው ወረቀት እንዲጻፍለት፣ ሰፈሩም እንዲቀበለው ፈለገ ማለት ነው። ማርቆስ እንደሚነግረን ነገሩ ከተወራ በኋላ ኢየሱስ ራሱ በግልጥ ወደ ከተማ መግባት አቅቶት በምድረ በዳ ቆየ። የዳነው ሰው ሲገባ አዳኙ ውጭ ቀረ።

ሕጉ ከባድ ፊትም እንዳለው አልክድም። ለምጹ የተረጋገጠበት ሰው ልብሱን ቀድዶ፣ አፉን ሸፍኖ ከሰፈር ውጭ ብቻውን ይኖር ነበር። መድኃኒት በሌለበት ዘመን ብዙዎች እዚያው ሞተዋል። ንጉሥ ዖዝያን እንኳ እስኪሞት በተለየ ቤት ተቀመጠ። ግን ሰማርያ በተከበበች ጊዜ የሶርያውያን ሰፈር ባዶ መሆኑን አይተው የምሥራቹን ለተራበው ከተማ ያደረሱት፣ በሩ ላይ ተጥለው የነበሩት አራት ለምጻሞች ናቸው። መጽሐፉ ከበር ውጭ ያሉትን ከታሪኩ አላወጣቸውም።

ሌላ ወረርሽኝ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ አንድን ሰው ለይተን ስናስቀምጥ የምንጠይቀው ጥያቄ ከዚሁ ሕግ ይወጣል። ማን መርምሮ ለየው? እስከ ስንት ቀን? እንጀራውንና ቤቱን ማን ይጠብቅለታል? ሲመለስስ ወጥቶ የሚቀበለው ማን ነው? መልስ ከሌለን ያደረግነው ጥንቃቄ ሳይሆን ፍርሃት ነው።

ማርያም በስምንተኛው ቀን ስትመለስ ድንኳኖቹ እንደ ተተከሉ አገኘቻቸው። የኔ ጎረቤት ያገኘችው የተዘጋ በር ነበር። የአጥሩን ሰላምታ ዛሬም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል፤ መጽሐፉን ሳላውቅ ቀርቼ አልነበረምና።